የትሬዲንግ ሮቦት፦ ኮድ መጻፍ ሲቀል ምን ይከብዳል?

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ ወጣቶች መካከል ስለ ፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ግብይት) የሚወራው ወሬ መልኩን እየቀየረ ነው። ቀደም ሲል ዋናው ጥያቄ የመግዣና የመሸጫ ምልክት ከሚሰጡት የቴሌግራም ቻናሎች የትኛው ይታመናል የሚል ነበር። ዛሬ ግን ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ሰው ጭምር ሐሳቡን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ነግሮ፣ በእሱ ፈንታ የሚገዛና የሚሸጥ ሮቦት በአንድ ምሽት ማሠራት እንደሚችል ይነገረዋል። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ፕሮግራሙ በእርግጥ ይሠራል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው «ይሠራል» የተባለው «ያተርፋል» ተብሎ ሲሰማ ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ፣ ኮድ መጻፍ በቀለለ ቁጥር የተጻፈውን ማጣራት የበለጠ እየከበደ መምጣቱ፣ የማጣራቱም ሸክም ሙሉ በሙሉ በተጠቃሚው ትከሻ ላይ መውደቁ ነው።

ረዳቱ እና ሮቦቱ

የኮድ ረዳት የሚባለው በሰው ቋንቋ የተሰጠውን ትእዛዝ ወደ ፕሮግራም ቋንቋ የሚለውጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ጊትሀብ ኮፓይለት እ.ኤ.አ. በ2021 ለሙከራ፣ ቻትጂፒቲ ደግሞ በ2022 መጨረሻ ለሕዝብ ከቀረቡ ወዲህ ዘርፉ በፍጥነት አድጓል። ኮዱን ሳያነቡ ረዳቱ ያቀረበውን ሁሉ እየተቀበሉ መሥራት «ቫይብ ኮዲንግ» የሚል ስም ያገኘው በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው።

የንግድ ሮቦት ወይም ቦት ደግሞ ዋጋ እየተከታተለ፣ አስቀድሞ የተሰጠውን ደንብ ተከትሎ የግዢና የሽያጭ ትእዛዝ ለብሮከር፣ ማለትም ግብይቱን ለሚያስፈጽመው ደላላ ድርጅት፣ የሚልክ ፕሮግራም ነው። በእኛ አገር ብዙዎች የሚያውቁት መድረክ ሜታትሬደር ሲሆን አራተኛው ዕትም እ.ኤ.አ. በ2005፣ አምስተኛው በ2010 ወጥቷል። የመድረኩ ፕሮግራሞች የሚጻፉት ኤምኪውኤል በሚባል ቋንቋ ነው፤ ክሪፕቶ ላይ የሚሠሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ በፓይተን ይጻፋሉ።

ሁለት ቃላት ከዚህ በኋላ ደጋግመው ስለሚመጡ ትርጉማቸውን እዚሁ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ስፕሬድ ማለት ብሮከሩ በሚሸጥበትና በሚገዛበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ነጋዴው ገና ሲገባ የሚከፍለው ወጪ ነው። ሌቨሬጅ ደግሞ በትንሽ ማስያዣ ትልቅ መጠን ለማንቀሳቀስ የሚያስችል የብድር አሠራር ነው። ሌቨሬጁ 1 ለ500 ከሆነ 100 ዶላር ያለው ሰው 50,000 ዶላር የሚያህል ግብይት መያዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዋጋው ከመቶ 0.2 ብቻ ወደማይፈለገው አቅጣጫ ቢሄድ 100ውም ዶላር ያልቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለወጣ፣ ያ 100 ዶላር ለአንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ወይም ለአንድ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የዋዛ ገንዘብ አይደለም።

ረዳቱ የት ላይ ይሳሳታል?

የኮድ ረዳት ትልቁ አደጋ የማይሠራ ኮድ መስጠቱ ሳይሆን፣ የሚሠራና የተሳሳተ ኮድ መስጠቱ ነው። የማይሠራ ኮድ ስሕተቱን ራሱ ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን ዝም ብሎ ገንዘብ ያጠፋል።

ለምሳሌ የሜታትሬደር 4 እና 5 ቋንቋዎች በመልክ ይቀራረባሉ፤ በአሠራር ግን ይለያያሉ። በአራተኛው ዕትም የአማካይ ዋጋ መስመርን የሚያሰላው ትእዛዝ ቁጥሩን በቀጥታ ይመልሳል። በአምስተኛው ግን ያው ስም ያለው ትእዛዝ የሚመልሰው የስሌቱን መለያ ሲሆን፣ ቁጥሩ በሌላ ትእዛዝ ተቀድቶ መምጣት አለበት። ረዳቶች የተማሩት በሁለቱም ዕትሞች ከተጻፉ ጽሑፎች በመሆኑ አልፎ አልፎ ሁለቱን ይቀላቅላሉ። ውጤቱም መለያው ራሱ እንደ ዋጋ ተቆጥሮ የሚነግድ ሮቦት ሊሆን ይችላል፤ ፕሮግራሙ ግን ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ሥራውን ይቀጥላል።

ሁለተኛው፣ ይበልጥ የተለመደው ስሕተት፣ ገና ያልተዘጋውን ካንድል ይመለከታል። ካንድል በአንድ የጊዜ ክፍል ውስጥ የዋጋውን መነሻ፣ መድረሻ፣ ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ምልክት ነው። በሜታትሬደር 4 ቁጥር 0 የተሰጠው ካንድል አሁን እየተሠራ ያለው ነው፤ ተዘግቶ ያለቀው የመጨረሻው ካንድል ቁጥር 1 ነው። ረዳቱ ቁጥር 0ን ተጠቅሞ ሲጽፍ ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ብልጭ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ሮቦቱ «ግዛ» ብሎ ከገባ በኋላ ካንድሉ ሲዘጋ የግዢው ምክንያት ራሱ አይገኝም። ባለቤቱ ማታ ቻርቱን ሲከፍት ደግሞ ምልክቱ በቻርቱ ላይ ስለሌለ ሮቦቱ ለምን እንደገባ ሊያውቅ አይችልም።

ሦስተኛው የሰዓት ጉዳይ ሲሆን ለእኛ አገር ተጠቃሚ ልዩ ትኩረት ይሻል። አንድ የደሴ ወጣት ረዳቱን «ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነግድ» ቢለው በልቡ ያለው ረፋድ ነው፤ ረዳቱ የሚጽፈው ግን የዓለም አቀፉን አቆጣጠር ስለሚሆን ሮቦቱ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ይነግዳል። ይህ ቢታረም እንኳ ሌላ ወጥመድ ይቀራል። ኢትዮጵያ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት አትቀይርም፤ ለንደንና ኒው ዮርክ ግን ይቀይራሉ። የለንደን ገበያ በእነሱ በጋ በእኛ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት ደግሞ 5 ሰዓት ላይ ይከፈታል። የብዙ ብሮከሮች ሰርቨርም በበጋቸው ከእኛ ሰዓት ጋር ይገጥምና በክረምታቸው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በሐምሌ ተሞክሮ በትክክል የሠራ ሮቦት በኅዳር ማንም ኮዱን ሳይነካው ይሳሳታል። ይህን ዓይነቱን ስሕተት ረዳቱ ከራሱ ተነሥቶ ሊያውቀው አይችልም፤ ተጠቃሚው የት ሆኖ፣ በየትኛው አቆጣጠር፣ በየትኛው ብሮከር እንደሚነግድ ካልተነገረው በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ግምቱንም እንደ እርግጠኛ ነገር አድርጎ ያቀርበዋል።

ከኮዱ ባሻገር የስልቱ ምንጭ ራሱ መመርመር አለበት። ረዳቱ የሚያቀርባቸው ስልቶች በኢንተርኔት ላይ በብዛት ከተጻፉት የተቀዱ ናቸው፦ የሁለት አማካይ ዋጋ መስመሮች እርስ በርስ መሻገር፣ አንድ መለኪያ ከ30 በታች ሲወርድ መግዛት፣ ከ70 በላይ ሲወጣ መሸጥ፣ እና የመሳሰሉት። እነዚህ ለማንም ክፍት የሆኑ ሐሳቦች ናቸው። በዓለም የውጭ ምንዛሪ ገበያ በቀን የሚገበያየው መጠን በ2022 ወደ 7.5 ትሪሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር፤ በዚህ ገበያ የሚሳተፉ ባንኮችና ድርጅቶች ያንኑ ስልት ከአሥርት ዓመታት በፊት ሞክረውታል። አንድ ሐሳብ የሚያተርፈው ሌሎች ስላልያዙት ከሆነ፣ ለሁሉም ጠያቂ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ረዳት ያንን ብልጫ ሊሰጥ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ያማረ የሙከራ ውጤት ለምን አያስተማምንም?

የሮቦት ሻጮችም ሆኑ ሠሪዎች በማስረጃነት የሚያቀርቡት ብዙውን ጊዜ ባክቴስት ነው። ባክቴስት ማለት ስልቱ ባለፉት ዓመታት ዋጋዎች ላይ ተሞክሮ ምን ያህል ያተርፍ እንደነበር የሚያሳይ ስሌት ነው። በራሱ ጠቃሚ መሣሪያ ቢሆንም ለመታለል የተመቸ ነው፤ የኮድ ረዳት ደግሞ መታለሉን ያፋጥነዋል።

ምክንያቱ በቁጥር ሊታይ ይችላል። ምንም ብልጫ የሌላቸው፣ በዕጣ የተወሰኑ 1,000 ስልቶች ቢሞከሩና «ጥሩ» ለመባል ከመቶ 5 ብቻ በአጋጣሚ የሚያልፉት መስፈርት ቢቀመጥ፣ 50 ያህሉ ያልፋሉ። ድሮ አንድን ስልት ጽፎ ለመሞከር ቀናት ስለሚወስድ አንድ ሰው ጥቂቶችን ብቻ ይሞክር ነበር፤ አሁን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በረዳቱ እገዛ ብዙ መቶ ዓይነት መሞከር ይቻላል። ከእነዚያ መካከል አንዱ ቀጥ ብሎ የሚወጣ የትርፍ መስመር ማሳየቱ የማይቀር ነው። ሰውየው ያን መስመር ሲያይ ገበያውን ያወቀ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ያገኘው ግን ባለፈው መረጃ ልክ የተሰፋ ደንብ ነው። ባለሙያዎች ይህን «ኦቨርፊቲንግ» ይሉታል። የወደፊቱ ዋጋ ያለፈውን ስለማይደግም ደንቡ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መፈታት ይጀምራል። ረዳቱን «ውጤቱን አሻሽለው» እያሉ መደጋገም ደግሞ ስሕተቱን በእያንዳንዱ ዙር ያባብሰዋል፤ የተጠየቀውን ለመፈጸም ያለፈው መረጃ ላይ ይበልጥ የሚጣበቅ ደንብ ከመሥራት በቀር የቀረበ መንገድ የለውም።

ወጪ ሌላው የሚዘነጋ ነገር ነው። በዩሮና በዶላር ግብይት 0.01 ሎት የሚባለው ትንሹ መጠን ዋጋው አንድ ፒፕ (0.0001) ሲንቀሳቀስ 10 ሳንቲም ዶላር ያስገኛል ወይም ያሳጣል። ስፕሬዱ አንድ ተኩል ፒፕ ቢሆንና ሮቦቱ በቀን 20 ጊዜ ቢነግድ በየቀኑ 3 ዶላር ለስፕሬድ ይወጣል። ሒሳቡ 100 ዶላር ከሆነ፣ በ20 የሥራ ቀናት 60 ዶላር ማለት ነው። ስለዚህ ሮቦቱ ባለበት ለመቆም ብቻ በወር ከመቶ 60 የሚሆን ትርፍ ማምጣት አለበት። ረዳቱ በነባሪነት የሚጽፈው የፓይተን ባክቴስት ብዙ ጊዜ ይህን ወጪ ዜሮ አድርጎ ያሰላል፤ ካልተጠየቀ አያካትተውም።

በወሎ አብዛኛው ማኅበረሰብ ለወለድ ጉዳይ ከሚሰጠው ክብደት አንጻር ስዋፕ የሚባለውም ክፍያ መታየት አለበት። ስዋፕ ግብይቱ ሲያድር የሚታሰብ ወለድ ነው። ብዙ ብሮከሮች ለሙስሊም ደንበኞች ከስዋፕ ነፃ የሆነ ሒሳብ ያቀርባሉ፤ አንዳንዶቹ ግን በምትኩ የአስተዳደር ክፍያ ይጠይቃሉ ወይም ስፕሬዱን ያሰፋሉ። በመደበኛ ሒሳብ የተሞከረ ሮቦት በዚህ ሒሳብ ላይ ሌላ ውጤት ያመጣል። የወለዱ መነሣት ብቻ የሸሪዓውን ጥያቄ ይዘጋል ወይስ በብድር መነገዱና የገንዘብ ልውውጥ እጅ በእጅ መሆን ያለበት መሆኑም አብሮ ይታያል የሚለው ለዑለማዎች የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ የኮድ ረዳት በዚህ ላይ የሚሰጠው መልስ እንደ ፈትዋ ሊወሰድ አይገባም።

ከሁሉም አሳሳቹ ግን «ማርቲንጌል» የሚባለው ስልት ነው። ሮቦቱ በከሰረ ቁጥር መጠኑን እጥፍ እያደረገ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ሲያሸንፍ የቀደመውን ኪሳራ ሁሉ ይመልሳል። ለሳምንታት ያለ ኪሳራ ስለሚሄድ የትርፍ ማስረጃ ሆኖ በቻናሎች ይለጠፋል። ነገር ግን በ1 ዶላር ተጀምሮ 10 ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፈ ድምሩ 1,023 ዶላር ይደርሳል። ያን ሁሉ መልሶ ለማግኘት የሚጠበቀው ትርፍ አሁንም 1 ዶላር ነው።

ደጋፊዎችና ተቺዎች

ደጋፊዎች የሚያነሷቸው ነጥቦች ቀላል አይደሉም። ሮቦት አይደክምም፣ አይፈራም፣ ከኪሳራ በኋላ በብስጭት አይገባም። ቀድሞ በገንዘብ ተቋማት እጅ ብቻ የነበረ መሣሪያ ዛሬ ኮምፒውተር ባለው ሁሉ እጅ ገብቷል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በ«አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር የፕሮግራምና የዳታ ትምህርት ለጀመረ ወጣትም፣ እውነተኛ የዋጋ መረጃ ላይ መሥራት ከመማሪያ መልመጃ የበለጠ ያስተምራል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጸሐፊው እምነት ከሁሉም ጠንካራው ነው።

ተቺዎች ደግሞ ወደ ውጤቱ ያመለክታሉ። የአውሮፓ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ገደብ ሲጥል የጠቀሰው መረጃ፣ በሌቨሬጅ ከሚነግዱ የግለሰብ ሒሳቦች ከመቶ 74 እስከ 89 የሚሆኑት እንደሚከስሩ የሚያሳይ ነበር። በብራዚል የወደፊት ውል (ዋጋው ዛሬ ተወስኖ ወደፊት የሚፈጸም ግብይት) ገበያ ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከ300 ቀናት በላይ በጽናት ከነገዱት የዕለት ነጋዴዎች 97 ከመቶው መክሰራቸውን አሳይቷል። እነዚህ አኃዞች በእጅ የሚነግዱትንም ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ስለ ሮቦት ብቻ ይናገራሉ ማለት አይቻልም። ሆኖም ሮቦቱ የሚቀንሰው የስሜትን ስሕተት እንጂ የወጪንና የብልጫ ማጣትን ችግር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ስለሚነግድም ወጪውን ያበዛዋል።

የባለሙያ ቡድን መኖርም ዋስትና አይደለም። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ነሐሴ 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. አዲስ ፕሮግራም ሲያስገባ ከስምንት ሰርቨሮች በአንዱ ላይ አሮጌው ኮድ ቀርቶ ነበር፤ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ስሕተቱ በስልቱ ላይ አልነበረም፤ ፕሮግራሙ በተጫነበት መንገድና ቶሎ ማስቆም ባለመቻሉ ላይ ነበር።

ከገበያው ጀርባ ያለው ሰው ፍላጎትም መመዘን አለበት። በባቲ የሰኞ ገበያ ደላላው ሻጭም ገዢም ቢጎዳ ኮሚሽኑን ያገኛል፤ የፎሬክስ ብሮከርም በስፕሬዱ እንዲሁ ነው። ልዩነቱ አንዳንድ ብሮከሮች የደንበኛውን ግብይት ወደ ገበያ ሳያወጡ ራሳቸው በተቃራኒው መያዛቸው ነው። ያኔ የደንበኛው ኪሳራ የብሮከሩ ትርፍ ይሆናል፤ የባቲው ደላላ ግን በሬው ስለሞተ አያተርፍም።

ግንኙነት ሲቋረጥ

ሮቦት ያለማቋረጥ መብራትና ኢንተርኔት ይፈልጋል። ወሎ በ2014 ዓ.ም. የጦርነት ወራት ሁለቱንም አጥቷል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ግብይት ይዞ ከመስመር የወጣ ሮቦት መዝጋት አይችልም። ስለዚህ የኪሳራ መጠኑን የሚገድበው ስቶፕ ሎስ በሮቦቱ ውስጥ ተደብቆ ሳይሆን ከትእዛዙ ጋር ወደ ብሮከሩ ሰርቨር መላክ አለበት። ረዳቱ ሁለቱንም ዓይነት ሊጽፍ ይችላል፤ የትኛውን እንደጻፈ መለየት የተጠቃሚው ፈንታ ነው። በውጭ አገር ሰርቨር ተከራይቶ ሮቦቱን እዚያ ማሠራት ችግሩን ያቃልላል። ነገር ግን ኪራዩ በዶላር ነው፣ ባለቤቱም ግንኙነት ሲያጣ ሮቦቱ ያለ ተቆጣጣሪ ይቀጥላል።

ሕጉና ማጭበርበሩ

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቁሟል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ይህ ገበያ ገና ጥቂት ኩባንያዎች የተመዘገቡበት በመሆኑ በየደቂቃው ለሚገዛና ለሚሸጥ ሮቦት የሚሆን የግብይት ብዛት የለውም። በወጣቶች ዘንድ የሚወራለት ፎሬክስ ከዚህ የተለየ ነው፤ ብዙዎቹ ብሮከሮች በሲሸልስና በመሰል ደሴቶች የተመዘገቡ ሲሆኑ ክርክር ቢነሣ ደሴ ተቀምጦ የሚከሳቸው ሰው አያገኛቸውም። ገንዘቡም ወደዚያ የሚሄደው በአብዛኛው ከግለሰብ በሚገዛ ክሪፕቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ሕጋዊ መገበያያው ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ መክፈል ሕገ ወጥ መሆኑን አሳስቧል። ስለዚህ በመንገድ ላይ የተጭበረበረ ሰው አቤቱታ ለማቅረብ ራሱን ማጋለጥ ይኖርበታል፤ አጭበርባሪዎችም ይህን ያውቃሉ።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ስም በራሱ የማታለያ መሣሪያ ሆኗል። በደቡብ አፍሪካ የተነሣው ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል በሮቦት እነግዳለሁ እያለ ከብዙ አገሮች ሰዎች ከ29,000 በላይ ቢትኮይን ሰብስቧል፤ የአሜሪካው የሸቀጥ የወደፊት ውል ተቆጣጣሪ በ2022 ክስ ሲመሠርት ዋጋውን ከ1.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገምቶታል። ያው ተቆጣጣሪ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሽ አስተውሎት የንግድ ቦቶችን የገንዘብ ማምረቻ እንደማያደርጋቸው ለሕዝብ አስጠንቅቋል። ከዚህ በተጨማሪ በነፃ የሚታደሉ የ«ሮቦት» ኮዶች የተጠቃሚውን ቁልፍ ለሌላ ሰው የሚልኩ ሆነው ይገኛሉ። ኤፒአይ ቁልፍ የሚባለው ፕሮግራሙ በሒሳቡ ላይ እንዲያዝ የሚፈቅድ የምስጢር ቁጥር ነው፤ ገንዘብ የማውጣት ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም፣ ከረዳቱ ጋር በሚደረግ ንግግር ውስጥም ሊለጠፍ አይገባም።

ወደፊት ምን ይጠበቃል?

የኮድ ረዳቶች መሻሻላቸው አይቀርም፤ ከላይ የተጠቀሱት የዕትም መቀላቀል ዓይነት ስሕተቶች ይቀንሳሉ። የማይቀንሰው የባክቴስት ማታለል ነው፤ ረዳቱ በተሻሻለ ቁጥር በአንድ ቀን የሚሞከረው ስልት ይበዛል፣ በአጋጣሚ ያማረውም አብሮ ይበዛል። የሮቦት ሻጮችም መሣሪያው በሁሉም እጅ ሲገባ ከኮድ ሽያጭ ወደ «ሒሳብህን እናስተዳድርልህ» ማለት ማዘንበላቸው የሚጠበቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ለተጠቃሚው ከቀድሞው የከፋ ነው፤ ኮዱን ሳይሆን ገንዘቡን ራሱን አሳልፎ ይሰጣል።

በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ መሣሪያውን ሊማርበት ከፈለገ ከሁሉ አስቀድሞ ረዳቱን ስልት አምጣልኝ ከማለት ይልቅ የራሱን ኮድ እንዲያጠቃ ማዘዝ ይሻለዋል፦ የትኛው ካንድል ላይ ነው የሚወስነው፣ ስፕሬድና ስዋፕ የት ተቀንሰዋል፣ የሰርቨሩ ሰዓት ሲቀየር ምን ይሆናል፣ ግንኙነት ሲቋረጥ ምን ይቀራል? መረጃውንም ለሁለት ከፍሎ አንዱን ክፍል እስከ መጨረሻው ሳይነካ ማቆየት ይገባዋል፤ በዚያ ክፍል ላይ የሚደረገው ሙከራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ውጤቱ ካላማረ ደንቡን ቀይሮ መመለስ ያን ክፍልም እንደ መጀመሪያው ያበላሸዋል። ከዚያ በእውነተኛ ገንዘብ ሳይሆን በዲሞ ሒሳብ፣ የመጋቢትንና የጥቅምትን የሰዓት ለውጥ ጨምሮ ለወራት ማሠራት፣ ሮቦቱ የላካቸውንም ትእዛዞች ባክቴስቱ በዚያው ጊዜ ይልካቸው ከነበሩት ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ይቻላል። ሁለቱ ካልገጠሙ መጀመሪያ የሚመረመረው ኮዱ ነው፤ ገጥመው ካላተረፉ ደግሞ ስልቱ ነው የሚጣለው።